መስኮቱ ተቆልፎ ጓዳው ክፍት

በሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሰው የሚፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ የዋናውን አብሳይ ቁጣና የኮምፒውተሩን ስክሪን። ቁጣው እንደ ወተት ገንፍሎ ወዲያው ይወርዳል። ስክሪኑ ግን አይቆጣም፣ አይስቅም፣ ዝም ብሎ ፊት ለፊት ያያል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ቢባሉ አብዛኞቹ ሠራተኞች ቁጣውን ይመርጡ ነበር።

ስክሪኑ የቆመው ትሪ በሚደረደርበት ረጅም ጠረጴዛ ራስጌ፣ የብረት መደርደሪያ ላይ ነው። እንፋሎት እንዳይገባው ስስ ፕላስቲክ አልብሰውታል። የሚታየው የሕሙማን ምግብ ሰንጠረዥ ነው፤ የአልጋው ቁጥር፣ የተኛው ሰው ስም፣ የታዘዘለት ምግብ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ትሪው ሲወጣ ምልክት የሚደረግባት ጠባብ ቦታ። ከስክሪኑ ፊት የሚቆመው ሰው አንባቢ ይባላል። አንባቢ ቁጥሩንና ምግቡን ጮክ ብሎ ይጠራል። በጠረጴዛው ግራና ቀኝ የቆሙት ሴቶች የተጠራውን ትሪው ላይ ያኖራሉ። ባለጋሪው ትሪዎቹን ጋሪው ውስጥ እየሰካ ወደ ፎቅ ይገፋል። ሌላው ሁሉ እጅና እግር ነው፤ ዓይኑ አንባቢው ብቻ ነው። አንባቢ ከተሳሳተ ጨው የተከለከለው ጨው ይበላል፣ ስኳር ያለበት ጣፋጭ ይደርሰዋል፣ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ከደረቅ ዳቦ ጋር ሲታገል ይውላል።

የቀድሞዋ አንባቢ ጡረታ ስትወጣ፣ ለጊዜው በቦታዋ እንድትቆም የተነገራት አንዲት እቃ አጣቢ ነበረች። ወጥ ቤቱ እመት ፊደል ይላታል።

ስሙን ያወጣላት ባለጋሪው ነው። ሴትዮዋ የጎልማሶች ትምህርት የገባችው ልጇን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ልታበቃ ስትቃረብ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኗ ያረፈበትን ሁሉ ሳታነብ አታልፍም። የዘይት ጄሪካን ታነባለች፣ የሳሙና ካርቶን ታነባለች። ሊፍቱ ውስጥ «ከስድስት ሰው በላይ አይፈቀድም» የሚል ጽሑፍ ለዓመታት ማንም ልብ ሳይለው ተለጥፎ ኖሯል። እሷ ማንበብ የቻለች ሰሞን ሰባተኛ ሆኖ የገባውን ሐኪም ቀና ብላ አይታ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይውረዱ፤ ተጽፏል» አለችው። ሐኪሙ ወረደ። በነጋታው ባለጋሪው በሩ ላይ ቆሞ እጅ ነሣና፣ «እመት ፊደል፣ እንዴት አደሩ?» አላት። ስሙ በዚያው ተጣብቆ ቀረ።

ዋናው አብሳይ ስክሪኑ ፊት ሲያቆማት ነገሩን አላለሰለሰላትም።

«እስከ ወሩ መጨረሻ አይሻለሁ» አላት። «ከሆነልሽ ቦታው ያንቺ ነው። ካልሆነልሽም ገንዳሽ የትም አልሄደም፤ እዚያው ይጠብቅሻል።»

ገንዳውን ታውቀዋለች። ለዓመታት እስከ ክርኗ ድረስ ውጧት ኖሯል። የእጇ ቆዳ በሳሙና ከመሻከሩ የተነሣ ደብተር ስትገልጥ ወረቀቱን ይጎትትባታል። ግን ገንዳውን የጠላችው ስለ ቆዳዋ ብላ ብቻ አልነበረም። ራት ላይ ልጇ የቤት ሥራዋን እያረመች፣ «እማ፣ ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ልትሾሚ ነው እንዴ?» ብላ ስትቀልድባት፣ ስቃ ታልፋለች እንጂ መልስ አልነበራትም። አሁን መልሱ እጇ ሊገባ ነው። ፍርሃቷም ከዚያው መጣ። ድሮ የምታጣው ነገር ስላልነበራት ደኅና አድርጋ ትተኛ ነበር።

ሰንጠረዡን ከላይ፣ ከሥነ ምግብ ክፍል ሆኖ የሚያዘጋጀው ወጣት ቁልፌ ይባላል። እሱም ቅጽል ነው። መሳቢያውን ይቆልፋል፣ ብስክሌቱን በሁለት ሰንሰለት ያስራል። የምሳ ዕቃው ላይ ሳይቀር ትንሽ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ታይቷል ይባላል፤ ይህን የሚያወራው ግን ባለጋሪው ስለሆነ ግማሹን ብቻ መቀበል ነው። እመት ፊደል ስክሪኑ ፊት መቆም በጀመረች ዕለት ቁልፌ ወርዶ ሰንጠረዡን ለዓይኗ እንዲመች አድርጎ አስተካከለላት።

መጀመሪያ ፊደሎቹን አጎላቸው። ቀጥሎ ከላይ ያሉትን አርእስቶች ባሉበት አቆማቸው፤ ታችኛው ጽሑፍ ወደ ላይ ሲንከባለል «አልጋ»፣ «ስም»፣ «ምግብ» የሚሉት ቃላት አብረው እንዳይሸሹ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ራሱ በግራ ጠርዝ በኩል የሚደረድራቸውን የመስመር ቁጥሮች ደበቃቸው። የቀድሞዋ አንባቢ አንድ ቀን እነዚያን የአልጋ ቁጥር መስለዋት ጠርታ፣ ክፍሉ በሙሉ የጎረቤቱን ምሳ በልቶ ነበር። በመጨረሻ መስኮቱን በአግድም መስመር ለሁለት ከፈለው።

«ከላይ የሴቶች ክፍል፣ ከታች የወንዶች ክፍል» አላት። «ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ እያሉ ይጥሩ። ሁለቱ ጋሪ እኩል ይሞላል።»

«መስመሩስ? ብነካው አይጠፋም?»

«አይጠፋም፣ እትዬ። መስኮቱን በፓስዎርድ ቆልፌዋለሁ። አይዘጋም፣ አያንስም፣ ከቦታው አይነቃነቅም። የከፈልኩበትን መስመርም ማንም አያነሣውም።» ወደ ባለጋሪው በዓይኑ ጠቀስ አደረጋት። «አንዳንድ ሰው ሰንጠረዡን አሳንሶ፣ ጥግ አስይዞ፣ ኳስ ያይበት ነበር።»

«ተሸነፍን እንጂ ምን አተረፍኩ!» አለ ባለጋሪው።

«እኔ ሳላውቅ ብነካውስ?» አለች እመት ፊደል። ነገር አንዴ ሰምታ አይበቃትም።

«እርስዎ ቢነኩትም።»

«ጋሼ ቢቆጡበትስ?» አለች ዋናውን አብሳይ በዓይኗ እየጠቆመች።

«በመጥረቢያ ካልመጡበት በቀር፣ እትዬ።»

እፎይ አለች። የታሰረ ነገር ጥሎ አይጠፋም ብላ ነው የኖረችው።

ቁልፌ ግን ሁለት ነገር ሳይነግራት ወደ ፎቅ ወጣ። አንደኛ፣ ከመስመሩ በላይም በታችም የሚታየው ያው አንድ ሰንጠረዥ መሆኑን አልነገራትም፤ ለእሱ ይህ መነገር ያለበት ነገር አልመሰለውም። እሷ ሁለት ሰንጠረዥ እንዳለ አድርጋ ተቀበለችው፤ አንዱ የሴቶች፣ አንዱ የወንዶች። ሁለተኛ፣ የቆለፈው መስኮቱን እንጂ ውስጡ የተጻፈውን አልነበረም። አንባቢዋ ትሪ በወጣ ቁጥር ምልክት ታደርጋለች፣ ጠዋት ደግሞ የትናንቱን ምልክት ታጠፋለች፤ ስለዚህ ጽሑፉን ሁሉ ክፍት ተወው። በሁለቱም ክፍል ውስጥ ጽሑፉን ወደ ላይና ወደ ታች ማንከባለልም አልተከለከለም።

ቀኖቹ ደኅና ሄዱ። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ቃል ከመጥራቷ በፊት በከንፈሯ ስታላምጠው፣ ሾርባ የምትጨልፈው ሴት፣ «እመት ፊደል፣ አንቺ ቃሉን አላምጠሽ ስትጨርሺ ሕመምተኛው ድኖ ይወጣል» ትላት ነበር። ውሎ አድሮ ቃላቱን ለመደቻቸው። ያው ስለሚመላለሱ ነው፤ ሾርባ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ያለ ጨው፣ ያለ ስኳር፣ ለስላሳ። ቤቷ ስትገባ ግን ትሰጋለች። «አልጋ አራትን ያለ ጨው ብያለሁ ወይስ በጨው?» እያለች ራቷን ትተዋለች። ልጇ፣ «እማ፣ ሰውየው እስካሁን በልቶ ተኝቷል፣ አንቺም ብዪ» ትላታለች።

የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ነው ነገሩ የተበላሸው። ያን ቀን ቁልፌ ጥርሱን ሊነቀል ስለሄደ በቦታው አልነበረም። ሰንጠረዡን ጠዋት በማለዳ መጥቶ አስተካክሎ፣ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ወጥቶ ነበር። ባለጋሪው እንደ ልማዱ ከምሳ በፊት ፕላስቲኩን ከእንፋሎት ሲወለውል፣ ጨርቁ ማውዙን አገኘውና የማውዙን ጎማ ትንሽ አሽከረከረው። ከመስመሩ በታች ያለው ክፍል ሦስት መስመር ያህል ወደ ታች ወረደ። ባለጋሪው ልብ አላለም። መስኮቱ እንደሆነ እንደተቆለፈ ነው፤ መስመሩም በቦታው ነው።

እመት ፊደል እጇን አድርቃ፣ መነጽሯን ሰክታ ስትቆም፣ የወንዶች ክፍል አናት ላይ ሦስት የሴት ስም አየች።

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ስሞቹ አሉ። ቀና ብላ ከላይ፣ የሴቶች ክፍል መጨረሻ ላይ አየች። እዚያም አሉ፤ አልጋ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። እነዚያው ስሞች፣ በዚያው ቅደም ተከተል።

«ሦስት ሴቶች የወንዶች ክፍል ምን ይሠራሉ?» አለች።

«ባሎቻቸውን ሊጠይቁ ሄደው ይሆናል» አለ ባለጋሪው።

«የምሬን ነው። ሁለት ቦታ ተጽፈዋል።»

«ታዲያ ሁለቴ ይብሉ። ከስተው እንደሆነስ?»

እሷ አልሳቀችም። ሁለቴ ከተጠሩ ሦስት ትሪ ተርፎ ይመለሳል። የተመለሰ ትሪ ሁሉ በዋናው አብሳይ ፊት ያልፋል፤ ዋናው አብሳይ ደግሞ የተረፈ ምግብ ሲያይ ሰው የሞተበት ያህል ነው። ይህን ቁልፌ ጥርሱ እያመመው የሠራው ስሕተት ነው ብላ ፈረደች። ትምህርት ቤት አንድ መስመር ሁለቴ ሲገለበጥባት መምህሯ ምን እንደምትል ታውቃለች፤ አንዱን አጥፊው። ማጥፊያዋን ቁልፍ በየጠዋቱ ምልክት ስታጠፋ ለምዳታለች። ለራሷም ትንሽ ኩራት ተሰማት። ሰው ሳይነግራት፣ ሰው ሳትጠይቅ፣ ስሕተት አግኝታ ልታርም ነው።

ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ፣ ታችኞቹን ሦስት መስመሮች አንድ በአንድ አጠፋች። ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ምግቡን። ስታጠፋ ስሞቹን ነው ያነበበችው፤ የሌላ ሰው ስም እንዳትነካ። ምግቡን አላነበበችም፤ ከላይ አለ ብላ ነው። ስትጨርስ የወንዶቹ ክፍል ከወንዶች ጀመረ። ጥሩ።

«ጥሪ!» አለ ዋናው አብሳይ ከምድጃው በኩል።

ጠራች። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ጭልፋው ይንኳኳል፣ ትሪው ይንሸራተታል፣ ጋሪው ይሞላል። ሁሉም እንደ ወትሮው ነበር። ከላይ አሥራ ሰባትን ጠርታ ዓይኗን ወደ ቀጣዩ ስታወርድ ግን ነጭ አገኘች።

ነጭ ብቻ ነው። ቁጥር የለም፣ ስም የለም፣ ምግብ የለም። ከታች ያጠፋቻቸው ከላይም የሉም።

ጣቷ ኪቦርዱ ላይ የሚጫነውን አጣ። ጽሑፉን ወደ ላይ ወደ ታች ብታንከባልል ያው ነጭ ነው። መስኮቱ ግን እንደታሰረ፣ እንዳማረ አለ።

ጠረጴዛው ይጠብቃታል። ጭልፋዎች አየር ላይ ናቸው።

መጥራት ትችል ነበር። ፊደል ከማወቋ በፊት የነበራት ደብተር ጭንቅላቷ ነው፤ በዚያ ደብተር ላይ የተጻፈ አይፋቅም። አሥራ ስምንት ትናንት ለስላሳ ሩዝ በላች። አሥራ ዘጠኝ ሾርባ ያለ ጨው፤ ዳቦዋን ሁልጊዜ ሳትነካ የምትመልሰው። ሃያ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ነው የሚታዘዝላት። አፏን ከፍታ «አሥራ ስምንት» ብትል ማንም አያውቅም። ሁለት ቀን ቆጥሮ ወሩ ያልቃል፣ ቦታውም የእሷ ይሆናል።

አፏን ከፈተችም።

«ቆም በሉ» አለች። «ሦስት ሰው አጥፍቻለሁ።»

«እንዴት ያለ ማጥፋት?» አለች ሾርባ ጨላፊዋ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች። «አልቀዋል?»

«ከሰንጠረዡ። ሁለቴ የተጻፉ መስሎኝ አንዱን ሳጠፋ ሁለቱም ጠፋ።»

ዋናው አብሳይ መጣ። ወፍራም፣ ቀይ ፊት ያለው፣ ሲናገር ፎጣውን ከትከሻ ወደ ትከሻ የሚያዛውር ሰው ነው። ስክሪኑን አየ፤ ነጩን አየ። ፎጣው ተዛወረ።

«ለቁልፌ ደውሉለት» አለ።

ባለጋሪው ደወለ። «ያነሣ ሰው አለ» አለ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፤ «ግን ‹ኧ፣ ኧ› ነው የሚለው። አፉ ውስጥ እጅ አለ መሰለኝ።»

ወደ ሴቶቹ ክፍል ደወሉ። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም።

«ይበቃል» አለ ዋናው አብሳይ። «ሾርባዬ እየቀዘቀዘ ነው። ትናንት ምን በሉ?»

ነገረችው። አንድ ሳታዛንፍ ነገረችው።

«ይኸው! ታውቂዋለሽ አይደል? ጥሪውና ገላግዪኝ።»

«ትናንት የበሉትን ነው የማውቀው፣ ጋሼ። የዛሬውን አላውቅም።»

«ሰው በአንድ ሌሊት ሆዱ ይቀየራል?»

«ሆስፒታል አይደል ያለነው» አለች። «ሮጬ ልጠይቅ።»

ፎጣው ተዛወረ፤ ደግሞ ተመለሰ። «ሂጂ» አላት። «ግን ስሚኝ፤ ወሩ አልቋል ማለት ነው። ላንቺ የወሩ መጨረሻ ዛሬ ነው። ይሄንን ስትመለሺ እንነጋገራለን።»

ሊፍቱን አልጠበቀችም። ደረጃውን ስትወጣ የምታየው ገንዳውን ነበር፤ የዛገ ቧንቧውን፣ ሁልጊዜ የሚደፈነውን ማውረጃ። አንድ ፎቅ ላይ ቆማ ተነፈሰች። ተመልሼ ልጥራው ይሆን አለች። ደግሞ ወጣች።

የሴቶቹ ክፍል ነርስ የአንዲት አሮጊት ክንድ ላይ መርፌ እየሰካች ነበር።

«ሲስተር፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝና ሃያ ዛሬ ምን ይበላሉ?»

«ለሥነ ምግብ ክፍል ልኬያለሁ እኮ።»

«አጥፍቼባችሁ ነው።»

ነርሷ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ አልጋዎቹ እግር ላይ የተንጠለጠሉትን ወረቀቶች እየገለጠች በጥድፊያ መናገር ጀመረች። እመት ፊደል እስክሪብቶ አውጥታ ከጓንት ካርቶን በተቀደደ ቁራጭ ላይ መጻፍ ጀመረች፤ የመጀመሪያውን ቃል ሳትጨርስ ነርሷ ሦስተኛው አልጋ ደርሳለች።

«ሲስተር፣ እርስዎ ይጻፉልኝ» አለች ቁራጩን እየዘረጋችላት። «እኔ ቀስ ነኝ።»

ነርሷ ጻፈችላት። አሥራ ዘጠኝ የተኛችው ሴት ከትራሷ ቀና ብላ፣ «ምነው፣ ምሳ ቀረ እንዴ?» አለች።

«እየመጣ ነው፣ እናቴ።»

«ዳቦውን ተዉት፤ ሾርባው ብቻ ይምጣ።»

ደረጃው ላይ ሆና ቁራጩን አነበበችው። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። አሥራ ስምንት፣ ለስላሳ ሩዝ። አሥራ ዘጠኝ፣ ሾርባ ያለ ጨው። ሃያ፣ እንደ ማንኛውም።

ያው የትናንቱ ነበር። ከነጥቡ አልተለወጠም።

ወጥ ቤት ገብታ ሦስቱን ጠራች። ሾርባ ጨላፊዋ ጨለፈች። የሴቶቹ ጋሪ ከወትሮው ዘግይቶ ወጣ። ባለጋሪው ሊፍቱን እየጠበቀ፣ «ይኸው እንግዲህ፣ ከወንዶቹ ክፍል ወጡልን» አለ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም።

«ምን ሆኖ ተገኘ?» አለ ዋናው አብሳይ።

«ያው ነው፣ ጋሼ።»

«ያው ነው!» ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ለያው ነው ሦስት ፎቅ ወጣሽ። ለያው ነው ሾርባዬ ውሃ የሆነው!»

ከሰዓት በኋላ ማንም ሳያዛት ገንዳው ጋ ሄዳ ድስት አጠበች። ቤቷም ስትገባ ለልጇ አልነገረቻትም፤ ሆድ ይፍጀው አለች።

በነጋታው ቁልፌ ጉንጩ አብጦ፣ ከአፉ በአንድ ወገን ብቻ እየተናገረ መጣ። ነገሩን ከባለጋሪው ሰምቷል፤ ስለዚህ የሰማው ከሆነው ይበልጥ ነበር። ዋናው አብሳይ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። እመት ፊደል ከገንዳው በኩል እጇን እየጠራረገች መጣች።

ቁልፌ ማውዙን ይዞ የታችኛውን ክፍል ወደ ላይ ወደ ታች አንከባለለው። የሴቶቹ ስም ወንዶቹ ላይ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ አንድ ቤት ነው» አላት። «እኔ ሁለት መስኮት አወጣሁለት እንጂ ሁለት ቤት አልሠራሁም። በዚህኛው መስኮት ቢያዩም በዚያኛው ያው ጓዳ ነው የሚታየው። ከጓዳው ወንበር ካወጡ በሁለቱም መስኮት ወንበር የለም።»

ነገሩ እንዲህ ሲባል ልጅም ይገባዋል።

«ታዲያ ያን ዕለት ይህን ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ቁልፌ ጉንጩን ያዘ። ከሕመሙ ይሁን ከእፍረቱ ለመለየት ያስቸግራል።

«ጥፋቱ የኔ ነው። መስኮቱን ቆለፍኩ፣ ጓዳውን ክፍት ረሳሁት» አለ። ከዚያ እንደ ማስታወስ ብሎ፣ «ደግሞ እኮ፣ ይቺን ቀስት ቢጫኗት ያጠፉት ይመለስ ነበር።»

«የቷን?»

አሳያት። ከላይ፣ ጥግ ላይ፣ ወደ ኋላ የታጠፈች ትንሽ ቀስት።

«አንዴ ብጫናት?»

«ያጠፉትን ያህል ጊዜ ነው። ጥቂት መጫን ነው።»

ባለጋሪው ጋሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «ሦስት ፎቅ!» ይላል፤ «በጣት የሚያልቀውን በእግር!» ሾርባ ጨላፊዋም ሳቀች። እመት ፊደል ራሷ ሳትወድ በግድ ከንፈሯ ተፈታ። ዋናው አብሳይ ብቻ አልሳቀም።

«አሁን ምን ታደርጋለህ?» አለው ቁልፌን።

«ጽሑፉንም እቆልፈዋለሁ። ምልክት የሚደረግባት ቦታ ብቻ ክፍት ትሆናለች። ግን ፓስዎርዱን እዚህ ታች አንድ ሰው መያዝ አለበት። ሌላኛው ጥርሴም ተራውን እየጠበቀ ነው፤ እኔ በሌለሁበት ነርሶቹ ምግብ ቢቀይሩ የሚከፍተው ሰው ያስፈልጋል።»

ባለጋሪው እጁን አወጣ።

«አንተ አይደለህም!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

«እኔም አልይዝም» አለ ዋናው አብሳይ። «እኔ የልጆቼን ስም እያቀያየርኩ ነው የምጠራው።» ፎጣውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረ። «የድሮዋ አንባቢ እዚህ በቆመችበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ተሳሳትኩ ብላ አታውቅም» አለ። «የጎረቤት ምሳ የተበላ ዕለት እንኳ ያወቅነው ከሕሙማኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ያላወቅነው ስንት እንደሆነ እያሰብኩ ነው ያደርኩት። ይቺ ሾርባዬን አቀዘቀዘችው። ግን አቀዘቀዝኩት ብላ ነው።»

ፎጣውን ከትከሻው አወረደ።

«አንባቢዋ ትያዘው» አለና ወደ ምድጃው ተመለሰ።

«ለጊዜው» የምትለው ቃል አብራው አልነበረችም። እመት ፊደል ትመጣ ይሆን ብላ ጠበቀቻት፤ አልመጣችም።

ቁልፌ ሰንጠረዡ ላይ አንዲት ጠባብ ሳጥን ከፍቶ ከመቀመጫው ተነሣላት። «የሚያስታውሱትን አንድ ቃል ይጻፉ። ለማንም እንዳይነግሩ፤ ለእኔም።»

ተቀመጠች። እስካሁን የጻፈችውን ሁሉ አንድ ሰው አይቶባታል። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ፣ ልጇ ራት ላይ፣ «እማ፣ እዚህች ጋ» እያለች። ሰው የማያየው ቃል ጽፋ አታውቅም። ለትንሽ ጊዜ ምን እንደሚጻፍ ጠፋት። ከዚያ መጣላት።

«ፊትህን አዙር» አለችው።

አዞረ። ባለጋሪው አንገቱን ሲያሰግግ፣ «አንተም!» አለችው፤ እሱም ዞረ። በአንድ ጣቷ ፊደል እየፈለገች ጻፈች።

«አይ፣ ተበላሸ!» አለች። «እኔ ፊደል ስነካ እሱ ነጥብ ብቻ ነው የሚጽፈው።»

«እንዲያ ነው፣ እትዬ። እንዳይታይብዎ ነው።»

«እኔም አላየውም?»

«እርስዎም አያዩትም።»

ጨረሰች። ሳጥኑ ጠፋና ሌላ ሳጥን መጣ።

«ደግሞ ምን አለ?»

«እንደገና ይጻፉልኝ ነው የሚለው። ያው ቃል መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። አንድ ፊደል ከተለየ አይቀበልም።»

መጀመሪያ የጻፈችውን ልታየው አትችልም፤ ነጥብ ነው። የምታመሳክርበት የለም፤ መምህርት የለችም፣ ልጅ የለችም። ጣቷን አነሣች። እያንዳንዱን ፊደል ከመንካቷ በፊት በከንፈሯ አላመጠችው፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። ሾርባ ጨላፊዋ እንኳ ቀልድ አልወረወረችም። የመጨረሻዋን ነክታ እጇን ጭኗ ላይ መለሰች።

ሳጥኑ ጠፋ። ሌላ አልመጣም። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰንጠረዡ ብቻ ነው።

«ምንም አላለኝም» አለች።

«ምንም ካላለ ተቀብሏል ማለት ነው» አለ ቁልፌ፣ ፊቱን እንዳዞረ።

ከምድጃው በኩል ድምፅ መጣ። «ተቀበለሽ?»

«ተቀበለኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? ጥሪ!»

ተነሣች። መነጽሯን አስተካከለች፤ መጀመሪያ ከመስመሩ በላይ ያለውን፣ ቀጥሎ በታች ያለውን አየች። አርእስቶቹ በቦታቸው ናቸው። ጭልፋዎቹ ተነሥተዋል።

«አልጋ አንድ» አለች። «ሾርባ፣ ያለ ጨው።»